በሚራ ደጃፍ የረገጥኩት አበባ

ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት፣ ንጋት ላይ

ቅዳሜ ነው። ሳሮን ጫማዋን አስራ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ በጠዋት ስትነሳ አይቼ አላውቅም። ለትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ብርድ ልብሷን መግፈፍ ነበረብኝ።

የምንሄደው ሳን ሆዜ፣ ጓደኛዋ ሚራ ቤት ነው። ሕንዶች ናቸው። ሰመር ላይ የአባቷ ሥራ ተቀየረና ከኦክላንድ ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሌላ ጓደኛ አልያዘችም። ምሳዋን ብቻዋን እንደምትበላ አስተማሪዋ ከነገረችኝ ጀምሮ የራሴም ምሳ አልወርድ ብሎኛል። የሚራ እናት ደውላ «ዲዋሊ ነው፣ የብርሃን በዓላችን። ልጆቹ የእጅ ሥራ ይሠራሉ፣ አምጣት» ስትለኝ ኦቨርታይሜን ትቼ እሺ አልኩ።

ሳን ሊያንድሮ

ቤንዚን ቀዳሁ። ዶናትና ወተት ገዛሁ። ሳሮን ዶናቱን አልነካችም።

«ዋት ኢፍ ሺ ሃዝ ኒው ፍሬንድስ?» አለችኝ በመስኮቱ እያየች።

«አዲስ ጓደኞች ቢኖሯትስ? አንቺን ጠርታሽ የለም እንዴ?»

ዶናቱን ወደ እኔ ገፋችው። መልሴ እንዳላረካት ገባኝ። እኔንም አላረካኝም።

ሳን ሆዜ፣ ረፋድ

እዚህ ሰፈር ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አቅጣጫ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ቤታቸውን ሁለት ጊዜ አለፍነው። በመጨረሻ ሳሮን በር ላይ የተንጠለጠሉ የወረቀት ፋኖሶች አየች።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ደጃፉ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ ዱቄት ተነስንሷል። እኔ ባደግሁበት ቤት ለበዓል ቄጤማ የሚጎዘጎዘው እንግዳ እንዲረግጠው ነው። ስለዚህ ቀጥ ብዬ፣ በአክብሮት፣ መሃል ለመሃል ረግጬ ገባሁ። ሁለት እርምጃ።

ዱቄቱ ለካ የአበባ ሥዕል ኖሯል። ሚራ ቀለም የገባበት የሩዝ ዱቄት በጣቷ እየቆነጠረች፣ ለሳሮን ብላ ከነጋ ጀምሮ የሠራችው። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም፤ ቀለም የነካካቸውን ጣቶቿን ብቻ አየች። ሳሮን ጫማዬን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ዳዲ» ብቻ አለች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ለሚራ እናት ስለ ቄጤማው ዘበዘብኩላት። ሰማችኝና ወደ ጠረጴዛው መራችን።

ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የስንዴ ሊጥ ተዘጋጅቷል። ድብልብል ታደርገዋለህ፣ በአውራ ጣት መሃሉን ታጎደጉዳለህ፣ ጠርዙን ቆንጠጥ። የጥጥ ክርና ጠብታ ዘይት ሲጨመርበት ኩራዝ ሆነ። ሳሮን አንዷን ሊጥ ይዛ ታሻታለች። ሚራ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። አይነጋገሩም። በገዛ እግሬ ልጄን አንዲት ጓደኛዋን አሳጣኋት።

የሚራ እናት ወደ ደጃፉ ወጥታ አጎንብሳ ስታይ ቆየችና ልጆቹን ጠራች።

«ሚራ፣ የእግሩ ዱካ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ውስጥ» አለች ሚራ እያመነታች።

«እኛ በዚህ በዓል የብልጽግና አምላካችንን የላክሽሚን እግር ደጃፍ ላይ እንስላለን» አለችኝ እናትየዋ። «በረከት ይዛ ወደ ቤት ስትገባ። ያንተ ወደ ውጭ ቢያይ ነበር የማዝነው።»

ሚራ አሰበች፣ አሰበችና «ግን እግሩ በጣም ትልቅ ነው» አለች።

ሳሮን ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ወራት አልፈዋል። ሁለቱ ተንበርክከው የጫማዬን ዱካ በነጭ ዱቄት ከበቡት፣ አምስት አምስት ጣትም አበጁለት። እኔ ስወጣ በጋራዥ በኩል ወጣሁ።

ኦክላንድ፣ አመሻሽ

መንገዱ እንደ ወትሮው ተጨናንቋል። ሳሮን ሁለት የሊጥ ኩራዝ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጥንቃቄ ይዛለች። የሚራ እናት በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚራን አመጣታለሁ ብላናለች።

ቁልፉን ከበሩ ሳልነቅል ሳሮን ወደ ኩሽና ሮጣ ዱቄት አመጣች። የአፓርታማችን ደጃፍ ላይ ሁለት ትንንሽ እግሮች ሠራች፣ ወደ ውስጥ የሚያዩ።

«ፎር ሚራ» አለችኝ።

ገና አንድ ሳምንት አለ፣ የሕንፃው ማኔጀርም ይቆጣል ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጫማዬን አወለቅሁና ግድግዳውን ታክኬ ገባሁ።