ከኪራሙ የመጣው ሚሞሪ

ባለፈው ሳምንት ስልክ ቀየርኩ። ሻጩ ልጅ ሲም ካርዴን አስገብቶ ሲሰጠኝ ጣቴ በራሱ ጊዜ የስልኩን ጎን ይዳብስ ጀመር፤ ለካ በጥፍሬ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያውን እየፈለግኩ ነው። የለውም። "አሁን ማን ሚሞሪ ይጠቀማል፣ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል" አለኝ ልጁ፣ ለአሮጊት እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ። ያ የአዲስ ስልክ የፕላስቲክና የሙጫ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እንባዬ መጣ። በዋጋው የተናደድኩ መሰለው መሰለኝ፣ አንድ ከቨር መረቀልኝ።

እዚሁ ነቀምቴ ኮምፒውተር ነው የማጠናው። አንድ መምህራችን ቴክኖሎጂ ዓለምን አንድ መንደር አድርጓታል ማለት ይወዳሉ። እኛም ደብተራችን ላይ እንጽፋለን፤ ፈተና ላይ ይመጣላ። እጄ እየጻፈ ሆዴ ግን ይሳደባል። እኔ የማውቀው መንደር፣ ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዞ የእናቱን ድምፅ ለመስማት የጭነት መኪና ሲጠብቅ የሚውልበት ነው። ይሄን ለመምህሩ አልነገርኳቸውም። ለናንተ ልንገራችሁ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። እኔ ከኡኬ፣ ጓደኛዬ ከኪራሙ መጥተን ነቀምቴ አንድ ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ኡኬ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። የሷ ቤተሰቦች ደግሞ አያቶቻቸው ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ አባቷ ድሮ ሞቷል፣ ያለቻት እናቷ ብቻ ነበረች። አዴ፣ እናታችን እንደማለት፣ የምንላቸው አከራያችን ሁለታችንንም "ኢጆሌ ኮ"፣ ልጆቼ፣ እያሉ ነበር የሚጠሩን። ማን የማን ዘር እንደሆነ በዚያ ግቢ ውስጥ ጠይቀውን አያውቁም። ከአጥር ውጭ ጠያቂው ሞልቶ ነበር።

ጓደኛዬ ከኔ የበለጠች ተማሪ ነበረች። ፊዚክስ የገባኝ በሷ አፍ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ ስለማንሰማማ ቀመሩን በከሰል ግድግዳው ላይ እየጻፈች ታሳየኝ ነበር። አዴ ስለ ግድግዳው ሲቆጡ፣ "ሐኪም ስሆን በነጻ አክምዎታለሁ" ትላቸዋለች። እሳቸውም ይስቁና የጉልበታቸውን ሕመም ከአሁኑ መዘርዘር ይጀምራሉ።

ወደ ላይ ወደ ኪራሙ በኩል ኔትወርክ የተቋረጠው በዚያው ዓመት ነው። መንገዱም አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ያን ጊዜ ነው ሰው ዘዴ ያበጀው። አንዱ ስልክ ላይ ድምፁን ይቀዳል፣ ሚሞሪውን ያወጣና ወደ ከተማ ለሚወርድ ነጋዴ ወይ ሾፌር ይሰጣል። የጓደኛዬም እናት እንደዚያ ትልክ ነበር። ካርዱ የመጣ ቀን ጓደኛዬ በዚያች ባለ ቁልፍ ስልኳ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ ልብስ እያጠበች ትሰማዋለች። የሳሙናው ሽታ፣ የሴትየዋ ድምፅ፣ ከኋላ የዶሮ ጩኸት። አዴ አማርኛቸው እምብዛም አይደለም፣ ግን በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አብረው ያዳምጣሉ።

እናትና ልጅ አንድ ቃል ነበራቸው። በዚያ ሰሞን "እናትህ ታማለች፣ ድረስ" ተብሎ የሄደ ሰው መንገድ ላይ ይጠፋል፣ በሰው አፍ የሚላክ መልእክት አይታመንም። ስለዚህ እናትየው በአንዱ ካርድ ላይ፣ "ድምጤን ካልሰማሽ ማንንም እንዳታምኚ" ብላት ነበር። ጓደኛዬም ይህን ይዛ ቁጭ አለች።

ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ስንቅ ላመጣ ኡኬ ሄድኩ። አባቴ ከመሳቢያው በወረቀት የተጠቀለለ ሚሞሪ አውጥቶ፣ "ከላይ የመጣ ነጋዴ ለጓደኛሽ ብሎ ትቶት የሄደ ነው፤ ይሰራ እንደሆነ እዪው" አለኝ። ስልኬ ውስጥ ከትቼ ሰማሁት። እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ለማየት ያህል ብቻ ነበር፣ ግን የሰው እናት ስታወራ መሀል ላይ ማቆም ይከብዳል። ደህና ነኝ ነው የምትለው። የመጣው ቢመጣ፣ ማንም ምንም ቢል፣ ታማለች ቢሉሽ እንኳ እንዳትመጪ፣ ፈተናሽን ተፈተኚ ነው የምትለው። ካርዱን አወጣሁና በስልኬና በከቨሩ መሀል አስገባሁት።

ወደ ነቀምቴ ስመለስ፣ ከኡኬ ብዙም ሳንርቅ ሚኒባሱን አስቆሙን። መሳሪያ የያዙ ናቸው፤ የማን ወገን እንደሆኑ ያኔም የጠየቀ አልነበረም። ስልክ እየተፈተሸ ነው ተባለ። በዚያ ሰሞን በአንድ ዘፈን፣ በአንድ ፎቶ ምክንያት ከመኪና ወርዶ የቀረ ሰው ወሬ እንደ ጉንፋን ነበር የሚዛመተው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሰብሰብ ብሎ ፎቶዎቹን ያጠፋል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወሎ አማርኛ የምትናገር ሴት ስለ ኪራሙ የምታወራበት ካርድ ይዣለሁ። ምን ልላቸው ነው? ካርዱን አወጣሁት፤ የጥፍር ታህል ነገር። መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ነበር። ለቀቅኩት።

ተራዬ ደረሰ። "ያ ኢንተላ" አለኝ አንዱ፣ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው፣ ስልኬን ተቀብሎ እያገላበጠ። የኔ እኩያ ቢሆን ነው፣ ፂም እንኳ በቅጡ አላወጣም። "ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል?" አለኝ። ሁለት ቀን አልኩት። ካሜራውስ አለኝ፤ ጥሩ ነው አልኩት። መለሰልኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ የጠየቀኝ ነገር የለም። ሚኒባሱ ሲነሳ ዞር ብዬ አየሁ፤ መንገድ ዳር ጭቃና ሳር ነው፣ ከሳሩ ኋላ በቆሎ። ሾፌሩን አቁምልኝ ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም።

ቤት ስደርስ ጓደኛዬ በር ላይ ነበረች። የመጣ ነገር አለ ወይ አለችኝ። ነጋዴው ለአባቴ በቃል ነገረው፣ እናትሽ ደህና ነኝ፣ እንዳትመጪ ብላለች አልኳት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

"ካርድስ?"

"ካርድ የለም።"

"እናቴ ያለ ካርድ አትልክም" አለች፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። ሰኞ ዕለት አንድ የአገሯ ሰው ገበያ ላይ አግኝቷት እናትሽ ታማለች፣ ትፈልግሻለች አላት። እኔ እንዳትሄጂ ብዬ ለመንኳት፣ እጇን ያዝኩ፣ አለቀስኩ። እሷ ሁለት የሰው አፍ ይዛ ተቸገረች፤ አንዱ ቅሪ ይላል፣ ሌላው ነይ። "ሁለቱም ድምጧ አይደለም" አለችኝ፣ "ታማ ከሆነ ግን እንዴት እቀመጣለሁ?" ያን ጊዜ፣ ካርዱ መጥቶ ነበር፣ ፈርቼ ጣልኩት፣ የሰማሁት ግን በገዛ ድምጧ ነው፣ ማለት ነበረብኝ። ይህን ብላት ትቀር ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ፈሪ ብትለኝ ምን ነበረበት? ፈሪ ነበርኩ አይደል እንዴ! ማክሰኞ ሄደች። መንገዱ ከኋላዋ ተዘጋ። ፈተናውን እኔ ተፈተንኩ፣ ፊዚክስ ላይ የመጣው ግማሹ ግድግዳችን ላይ የተጻፈ ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምት፣ እኔ አሁንም እዚያው አዴ ግቢ ተከራይቼ እያለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት በር ላይ ቆማ አዴን አቅፋ ታለቅሳለች። ጓደኛዬ ነበረች፤ ከስታ ስለነበር መጀመሪያ በድምጿ ነው የለየኋት። ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እናቷ ሞታለች። ስትደርስ ደህና ነበረች፣ ለምን መጣሽ ብላ ተቆጥታታለች፤ ከዚያ አብረው ከቤት ተፈናቅለው፣ በመጨረሻ በተጠለሉበት በሽታ ነው የወሰዳት። ስልኩም፣ የድሮዎቹ ካርዶችም ከቤቱ ጋር ቀርተዋል።

"የመጣሁት ለሚሞሪው ነው" አለችኝ። "እናቴ በኡኬ በኩል ልኬልሽ ነበር ብላኛለች። አሁን ሳልፍ አባትሽን ጠየቅኳቸው፣ ለሷ ሰጥቻታለሁ አሉኝ። ያኔ ተናድጄብሽ ነበር፣ አልዋሽሽም። አሁን ግን ረስታው ነው፣ ደብተር ውስጥ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት። አላጣሽውም አይደል?"

ነገርኳት። ፍተሻውን፣ መስኮቱን፣ ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል ያለኝን ልጅ፣ ሁሉንም። ጫማዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች።

"አዳምጠሽው ነበር?" አለች።

"አዎ።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።"

መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች፤ መቅጃውን ከፈተችና በመሀላችን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። "በይ" አለችኝ።

ተናገርኩ። ልጄ፣ እኔ ነኝ እናትሽ፣ ደህና ነኝ፣ ታማለች ቢሉሽም እንዳትመጪ፣ ፈተናሽን ተፈተኚ። እናቷ ያለችውን ያህል አልኩ። ከዚያ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ጨመርኩ። መልእክቷን ስትጨርስ የሚቀዳላትን ሰው፣ የት ጋ ነው የሚዘጋው አለችው። እሱም ይኸው ልዘጋው ሲላት፣ "ተወው፣ ትንሽ ይቆይ" አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ትንፋሿ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ እስኪያልቅ።

"ብዙ ቆየ?" አለች ጓደኛዬ።

"ብዙ ቆየ" አልኳት።

መቅጃውን ልዘጋው እጄን ስዘረጋ፣ ያዘችኝ። ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን።