ለገና ይመጣል አልኳት

ሰሞኑን ከቤቴ በላይ ካለው የቅርሳቅርስ ሱቅ በራፍ ላይ አንዲት ትንሽ የደንገል ታንኳ ተንጠልጥላ አየሁ። ላሊበላ እንግዳ ከራቃት ወዲህ ባለሱቁ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚሰቅለው፤ ገዢ ቢያገኝ የባጃጆቹን ጥላ ሳይቀር ይሸጣል። አውርጄ አሸተትኳት። ደርቃለች፣ አቧራ ጠጥታለች፣ ከሥር ከሥሩ ግን ያው የጣና ሽታ አለባት፤ የረጠበ ሣር፣ ዓሣ፣ ጭቃ። «እትዬ፣ ልጠቅልልዎት?» ሲለኝ መልሼ ሰቅያት ወጣሁ። ምን ልበለው? እናቴን የዋሸኋት እንዲህ ያለች ታንኳ አጠገብ ቆሜ ነው ልበለው?

ታላቅ ወንድሜ መሰለ ቆሎ ተማሪ ሳለ ነው የጠፋብን። ጎጃም ወርዷል ሲባል፣ ጎንደር ታይቷል ሲባል ከረመና፣ በመጨረሻ አንድ መንገደኛ መነኩሴ ከጣና ደሴቶች በአንደኛው መንኩሶ እንዳለ ነገሩን። እናቴ ያን እንደ ሰማች ሳምንት አልተቀመጠችም። አባቴ ሞቷል፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፣ የምትተወኝ ዘመድ የላትም፤ ይዛኝ ወጣች። ጋሸና ድረስ በእግራችን፣ ከዚያ በመኪና፣ በእህል ጭነት ላይ ተቀምጠን ሄድን። ቆረቆር ወጥቶብኝ ራሴን ሙልጭ አድርጋ ላጭታኝ ነበር፤ የለበስኩትም የመሰለን አሮጌ ቁምጣ ነው። ለእሱ የያዘችውን የበሶ ስልቻ፣ እኔ እንዳልነካው መሆኑ ነው፣ አቅፋ ነበር የምትተኛው።

ሐይቁን ሳይ ፈራሁ። እኛ አገር ውኃ ማለት ከገደል ሥር በእንስራ ታዝሎ የሚወጣ ነገር ነው፤ ይህን ሁሉ ማን ቀድቶ አፈሰሰው አልኩ። ደሴቶቹ ዛፋቸውን ተከናንበው፣ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ቀዛፊው እየጠቆመ፣ በዚህኛው የነገሥታት አፅም አለ፣ በዚያኛው በጦርነት ዘመን ታቦት ተሸሽጎበታል፣ ይለናል፤ እናቴ ግን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ «የመሰለ የቱ ነው?»

የመሰለ ደሴት፣ ስሙን አልጠራም፣ ሴት አይወጣበትም። እንኳን ሰው፣ ሴት ዶሮም አትወጣ። ከታንኳው እንደ ወረድን አንድ ሽማግሌ አባት መጥተው እናቴን በትሕትና ከወደቡ ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ቀጥለው መላጣዬንና ቁምጣዬን አዩና፣ «አንተ ና፣ ስንቁን አድርስለት» አሉኝ። እናቴን አየኋት። ጾም የማትሽር፣ የታቦት ስም ሲጠራ የምትንቀጠቀጥ እናቴ፣ ሴት ልጅ ናት ማለቱን ተወችው። ስልቻውን አሸከመችኝና በጆሮዬ፣ «አይተሽው ንገሪኝ» አለችኝ። ጉድ እኮ ነው፣ የእናት ነገር።

መሰለ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል፤ ያወቅኩት በግራ እግሩ ነው። ልጅ ሆኖ መጥረቢያ ስቶት አውራ ጣቱን ከግማሽ ቆርጦት ነበር። እሱም አወቀኝ፤ ዓይኑ ከራሴ ወደ ቁምጣው ወረደ፣ ቁምጣው የራሱ ነዋ! ፊቱ ደም መሰለ። ሽማግሌው «ማነው?» ቢሉት፣ «ወንድሜ ነው» አላቸው። ለእኔና ለእናቴ ሲል መነኩሴ ዋሸ።

እሳቸው ዞር ሲሉ እናታችን ወደቡ ላይ እንዳለች ነገርኩት። ቀስ ብሎ፣ «ስመነኩስ እንደ ሞተ ሰው ፍትሐት ተደርሶልኛል» አለኝ። «ለዓለም ሞቻለሁ። ልጄ ሞተ ብላ ታልቅስና ይውጣላት፣ ዳግመኛ እንዳትመጣ በያት። እኔም ወደ ወደቡ አልወርድም፤ ካየኋት አልመለስም።» በሶውን አልቀመሰም። ስልቻውን ግን አፍንጫው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ቁልቁል ስወርድ እናቴ ካስቀመጧት ድንጋይ ላይ ንቅንቅ አላለችም። «ምን አለ?» አለችኝ። ሞቻለሁ ብሏል እንዴት ተብሎ ይነገራል? «ለገና ይመጣል» አልኳት። ላሊበላ ለተወለደ ልጅ፣ ሰው ሁሉ የሚመጣው ለገና ነው። እናቴ እዚያው ወድቃ መሬቱን ሳመች።

እኛ ለገና የመጣውን ምዕመን እግሩን አጥበን ነው የምንቀበለው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እናቴ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዛ ከበራፋችን የማትጠፋ ሆነች። የሰው ፊት ሳታይ የግራ እግሩን ታያለች፤ ጎረቤቶቻችን «አቤት ትሕትናዋ!» ይሉ ነበር። በዓሉ አልፎ አገሩ ጭር ሲል፣ «መንገድ አስቸግሮት ይሆናል፣ ለከርሞ ይመጣል» ትለኛለች፤ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ግን ባደረ ቁጥር ለመናገር ከበደኝ። በኅዳር ሞተች፣ ለገና አንድ ወር ሲቀረው። «ሲመጣ ቤቱ ተዘግቶ እንዳያገኘው» ብላኝ ነው የሞተችው።

ይኸው አልዘጋሁትም። ባሌም ሞተ፣ ልጆቼም ደሴና አዲስ አበባ ገቡ፤ «ምን አለሽ እዚያ ብቻሽን? ነይ እኛ ጋ» ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ዋሽቼ ለእናቴ የሰጠኋትን ቀጠሮ አሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። እንደማይመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እጠብቃለሁ።

በዘንድሮው ገና ምዕመኑ ሳሳ ያለ ነበር። ወደ ማታ ግድም አንድ ሽማግሌ መነኩሴ፣ ከሩቅ የመጡ፣ ሳፋዬ ፊት ቁጭ አሉና ቀኝ እግራቸውን ዘረጉልኝ።

«አባቴ፣ ግራውን ያስቀድሙልኝ» አልኳቸው።

አምስቱም ጣታቸው ሙሉ ነበር። አጠብኳቸው።