ቤታችን የሰነበተው ካውያ

የጋለ ካውያ እርጥብ ጥጥ ሲነካ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም በሰው ደጃፍ ሳልፍ ድንገት ያገኘኝና እግሬን ይዞ ያስቆመኛል፣ ሁሉም ሰው ቺሮን አሰበ ተፈሪ ይላት፣ መብራትም ሲመሽ ብቻ ይመጣ ወደነበረበት ዘመን፣ ወደ እናቴ ቤት ይመልሰኛል።

አባቴ የከተማው የመብራት ሞተር ጠባቂ ነበር። ሞተሩ ቀን ቀን ስለማይሠራ፣ ሰው የጣለውን የኤሌክትሪክ ምድጃና ካውያ፣ ነጋዴዎች በመቻራ መንገድ ሲንገጫገጩ የሰበሩትን ራዲዮ ሁሉ እየፈታ፣ የአንዱን ሽቦ ለሌላው እየቀጠለ፣ ጠግኖ ለቸገረው ሰው ይሰጥ ነበር። እናቴ ግን ሕግ ነበራት፤ የተጠገነ ዕቃ እኛ ቤት ሳይሰነብት ወደ ሰው ቤት አይሄድም። «ከጎዳ እኛን ይጉዳ፤ የቸገረውን በስጦታ መጉዳት ኀጢአት ነው» ትል ነበር። ጎረቤቱም እኛን አይቶ ያውቅ ነበር፤ ከቤታችን ዘፈን ከተሰማ ራዲዮ ተጠግኗል፣ እኔና እህቴ ልብሳችን ተተኩሶ ከወጣን ካውያ ገብቷል ማለት ነው። ዕቃው ሲሄድ እኛም ወደ ተጨማደደ ልብሳችን እንመለስ ነበር።

አንድ ክረምት ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ አልነሣ፣ ልብስም አልደርቅ አለ። ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ባሏ ሞቶባት፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎችን ልብስ እያጠበች ነበር ልጆቿን የምታሳድገው። እርጥቡን ሸሚዝ በከሰል ካውያ ስትተኩስ ፍሙ እየተፈናጠረ ይበሳባት ጀመርና ደንበኞቿ ሸሹ። አንድ ቀን መጥታ «ክረምቱ ሲወጣ ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ጋ መቻራ እገባለሁ። ትምህርታቸውም ይቅር፣ ወላሂ ምን ላድርግ?» አለች። እናቴ ወደ አባቴ ዞራ «ያን ሣጥን ውስጥ የተኛውን የኤሌክትሪክ ካውያ ዛሬውኑ ፍታው» አለችው።

አባቴ ቀን ሲጠግን ውሎ ማታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፣ መብራቱ ሲመጣ እናቴ ካውያውን ሰክታ ትሞክራለች፤ ሥራቸው እንዲህ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ለአዲስ ዓመት የተሰፋልኝን ነጭ ሸሚዝ ዘርግታ ጀርባው ላይ አሳረፈችው፣ ካውያውም ቅርጹን ቡናማ አድርጎ አትሞበት ተነሣ። እኔ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ ሳለቅስ፣ እሷ ሸሚዙን ይዛ በጭቃው ወደ ሞተር ቤቱ ወጣችና በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸች «ይኼ የዘይነባ ደንበኛ ሸሚዝ ቢሆንስ? መልሰህ ፍታው!» አለችው። ፈታው። በማግስቱ የራሷን ነጠላ ጠርዝ በላው፤ አሁንም ፈታው። አባቴ ሙቀቱን የሚቆርጠውን ቁራጭ ብረት ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ አውጥቶ፣ እየሞረደና እየለካ፣ እናቴም ማታ ማታ የቤቱን ጨርቅ ሁሉ እየተኮሰችበት፣ ካውያው እስኪገራ ድረስ አልተዉትም።

መስከረም ጠባ። ሌላ ሸሚዝ ስላልነበረኝ ያንኑ ለብሼ ወጣሁ፣ የሰፈር ልጆችም «ካውያ የሳመው! ካውያ የሳመው!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። አዴ ዘይነባ ካውያውን ልትወስድ መጥታ ራቅ ብላ ቆመች።

«ፍም የለው፣ ጭስ የለው፤ ይሄ ጅን ነው እንጂ ካውያ ነው እንዴ? የቀሩኝን ደንበኞች ልብስ ቢያቃጥልብኝስ?»

እናቴ ጠራችኝና ጀርባዬን ወደ አዴ ዘይነባ አዞረችው።

«ማቃጠሉን እኛ ዘንድ ጨርሶ ነው የሚመጣልሽ።»

አዴ ዘይነባ የሸሚዙን ጠባሳ በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ ሳቀች፣ ካውያውን እንደ ሕፃን በሻሿ ጠቅልላ ሄደች። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቿ ከእኛ ጋር ተሰልፈው ነበር፣ ልብሳቸውም ከእኛ የተሻለ የተተኮሰ ነበር።

አሁን አርጅቼ፣ የተበላሸ ዕቃ ሰብስበው ጠግነው ለቸገረው ከሚሰጡ የሰፈራችን ወጣቶች ጋር እውላለሁ። ያኔ ዕቃ በብሎን ይታሰር ነበር፣ አሁን በማስቲሽ ተጣብቆ ስለሚመጣ ሳይሰበር አይከፈትም። መብራቱ ግን ቀንም አለ፣ ሲፈልግ መጥፋቱ ነው እንጂ። ወጣቶቹ በቴስተር ለክተው «አባባ፣ ደህና ነው እኮ፣ ይሂድ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ቴስተሩ አይዋሽም። እኔ ግን ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ እወስደዋለሁ። ሰሞኑን ካውያ ይዤ ስገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ ደግሞ ምናችንን ልታቃጥል መጣህ?» አለችኝ።

ሸሚዜን አውልቄ ዘረጋሁላት።