መነጽሩ ቦርሳ ውስጥ ነበር

የሄድኩ ዕለት ማታ አባዬ በራሱ ሚኒባስ ከጉርድ ሾላ ቦሌ አየር ማረፊያ አደረሰኝ። መገናኛ ላይ እንደ ልማዱ ፍጥነት ቀነሰ፤ ሰው ሊጭን መስሎኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና «አቧራ ነው» አለኝ። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

አሁን ኢስታንቡል፣ የልብ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ክፍል የበሽተኛ አልጋ እገፋለሁ። ሻያቸው እንደኛው ቀይ ነው፤ ቅርንፉድ ግን የለውም። ዝናባቸውም የሐምሌን ያህል ቆርቆሮ አይደበድብም። አሳንሰሩ ሲከፈት እንደ ታክሲ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ» ልል ምንም አይቀረኝም። አዛውንቶቹ «ሳኦል ኦውሉም» ይሉኛል፤ ልጄ፣ ኑርልኝ እንደማለት ነው።

ከእነዚህ አዛውንቶች አንዳንዶቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት አእምሯቸው ይዞርባቸዋል። ሚስቱን ሌባ ያለ፣ ቱቦውን የነቀለ አይቻለሁ። ነርሶቹ ይህ እንዳይመጣ የሚያደርጉትን እያየሁ በደብተሬ ጻፍኩ፦ መነጽር ይደረግላቸው። ቀን መጋረጃ ይከፈት፣ ሌሊት ጸጥ ይበል። ቶሎ ወንበር ላይ ይቀመጡ። የት እንዳሉ ይነገራቸው፤ አይዋሿቸው፣ አይከራከሯቸው።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ የአባዬ ልብ ሲከፈት፣ ይህን ሁሉ ለእህቴ ለከድጃ ቀድሜ በስልክ አስጽፌያት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወልኩ።

«አባዬ ከነጋ ጀምሮ ‹መገናኛ ሲራጅ እየጠበቀኝ ነው፣ ልውረድ› እያለ ነው፤ አንተን ማለቱ ነው» አለችኝ።

«መነጽሩስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ። እንዳይጠፋ ብዬ።»

«ከድጃ፣ አባዬ ያለ መነጽር የራሱን ሚኒባስ አይለይም።»

«ተኝቶ የሚነዳው ሚኒባስ አለ እንዴ?»

«አንቺን ይይበት።»

የቦርሳዋ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። እኛ ቤት ሰው ሲታመም መጀመሪያ ወደ ቤት የሚሄደው ሰዓቱና መነጽሩ ነው፤ ውድ ዕቃ ይጠበቃል፣ ባለቤቱ ጭጋግ ውስጥ ይቀራል።

«መጀመሪያ ጥረጊው» አልኳት።

«ጠረግኩት፣ አንተ ደግሞ። አደረግኩለት። እንካ አናግረው።»

«አባዬ፣ ሲራጅ ነኝ።»

«የት ደረስክ? በአትላስ በኩል አትምጣ፣ መንገዱ ተዘጋግቷል።»

«እየመጣሁ ነው» ማለት እንዴት እንዳማረኝ። ደብተሬ ላይ «አይዋሿቸው» የሚለው ግን የእኔው እጅ ጽሕፈት ነው።

«አባዬ፣ ሆስፒታል ነህ። ልብህን አክመውሃል። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጠዋት። አጠገብህ ያለችው ከድጃ ናት።»

«አየኋት። አንተስ?»

«እኔ ኢስታንቡል ነኝ። ሩቅ።»



«አዎ» አለ። «እኔው ነኝ ቦሌ ያደረስኩህ። ያን ቀን ዝናብ ነበር።»