የመስኮቱ ጥግ ወንበር

አናጢ የነበሩት አያቴ የሰው ቤት ሲገቡ፣ ከመቀመጣቸው በፊት ግድግዳውን በጣታቸው ያንኳኩ ነበር። ቋሚውን እንጨት ሲያገኙት ወንበራቸውን አስጠግተው ይደገፉታል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን ግን አስቸገራቸው። “የቤቱን አጥንት ደብቀውባችኋል” ብለው አዘኑልን። በመጨረሻ መስኮቱ አጠገብ አገኙት፤ ቦታቸውም እዚያ ሆነ።

አንድ ክረምት እንግሊዝ አገር አክስቴን ልንጠይቅ ሄደን አንድ ጥንታዊ የመንደር ቤት አየን። ዕድሜ ያጎበጠው ጥቁር ቋሚና ማገሩ ከነጩ ልስን መሃል ገጥጦ ይታያል። አያቴ መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

“ይሄ ቤት ማን እንዳቆመው አይደብቅም” አሉኝ።

በለቅሷቸው ሰሞን ቤታችን በሰው ሞልቶ ወንበር አነሰን። የመስኮቱን ጥግ ወንበር ለእንግዳ ላነሳ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

“ተወው ልጄ፤ ቤቱ የቆመው እዚያ ጋ ነው።”