በጨዋታ ቀን የመጡ ሽማግሌዎች

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ቤታችን ደግሞ ከሱቁ ጀርባ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴን ትቼ አብሬው እሠራ ነበር። ቁልፍ እተክላለሁ፣ የሱሪ ጫፍ አጥፌ እሰፋለሁ። ትምህርቴን የተውኩት እርሱ ስላስተወኝ ነው። በሕይወት እያለ ይህን ነግሬው አላውቅም።

በሰፈራችን ደህና ሬዲዮ ያለው እኛ ቤት ብቻ ነበር። ትልቅ ስለሆነ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። በደርግ ጊዜ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ሲደክም አወጣና ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ይህ የእኔ ሥራ ነበር፤ ከእኔ በቀር ሬዲዮውን የሚከፍት አልነበረም።

ያን ዓመት ከአገራችን ክለቦች አንዱ በአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ ይጫወት ነበር። ጥሎ ማለፍ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ይጫወታሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰው አገር ሄደው የመልሱን ይጫወታሉ፣ በድምሩ የተበለጠ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ወድጄ አይደለም። እኔን ለማግባት የተላኩት ሽማግሌዎች የመጡት በጨዋታ ቀን ስለነበረ ነው።

ሽማግሌ የላከው ሰው የወረኢሉ ልጅ ነበር፤ ሐይቅ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ መጣ። ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ሱቃችን ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነው የኔና የእርሱ ነው። እዚህ የምጽፈው ሽማግሌ መላኩን ብቻ ነው። ዘመድ በቅርብ ስላልነበረው በከተማው የተከበሩ አንድ የቆዳ ነጋዴ ለመነ። እሳቸው ሁለት ሰው ጨምረው ሦስት ሆነው መጡ።

በእኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው በጠዋት ነው። መጥቶም ወዲያው አይቀመጥም። ቆሞ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል፣ ባለቤቱ "ምን እግር ጣላችሁ?" ይላል፣ ነገሩ በዚያው ይከፈታል። ነገሩን የሚከፍተውም ዋናው ሽማግሌ ብቻ ነው። እርሱ ዝም ካለ ሌላው አፉን አይከፍትም።

የእኛው ዋና ሽማግሌ፣ ቆዳ ነጋዴው፣ ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። በር ላይ አሰላሙ አለይኩም አሉና ቀጥ ብለው ገብተው ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ አሉ። ሁለቱ ተከታዮቻቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ እነሱም ተቀመጡ። እናቴና እኔ ጓዳ ሆነን እናያለን።

"ቆመው አልነበር የሚናገሩት?" አለች እናቴ በሹክሹክታ።

"ጀምሯል እንዴ?" አሉ ሰውዬው አባቴን።

"ገና አሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። መንገድ ላይ ሰው ይዞኝ ልቤ ቆሞ ነበር።"

ክለባችን ሁለት ለባዶ አሸነፈ። አባቴ ፊቱ በርቶ ሻይ በድጋሚ እንዲመጣ አዘዘ። ሰውዬው ያኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጉዳዩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። አባቴ እንደ ወጉ "ዘመድ ላማክር፤ በሳምንቱ ተመለሱ" አላቸው።

"በሳምንቱ አይመቸንም" አሉ። "በሁለት ሳምንት፣ እሑድ፣ በዚሁ ሰዓት ይሁን።"

ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ሁለት ሳምንት ምን አላት አልኩና ቁልፍ መትከሌን ቀጠልኩ።

በሁለት ሳምንቱ እሑድ መጡ። የመልሱ ጨዋታ ከሰው አገር ስለነበረ ድምፁ እየራቀ እየመጣ ያስቸግር ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ሬዲዮውን ወደ መስኮት አዞረው፣ ሌላው ወደ በር መለሰው። ክለባችን አንድ ለባዶ ተሸነፈ። አባቴ ጭንቅላቱን ያዘ።

"ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?" አሉት ቆዳ ነጋዴው። "እኛ ሁለት አለን፣ እነሱ አንድ። አልፈናል እኮ።"

"ተሸንፎ ማለፍ አለ እንዴ?"

"አለ እንጂ። ደርሶ መልስ ነው የሚቆጠረው። አንተ ሱሪ ስትሰፋ አንዱን እግር ብቻ ለክተህ ትተዋለህ?"

ሳቁ። አባቴም ሳቀ። ይህን ሲያስረዱትና ሲከራከሩ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሦስቱም ለሶላት ተነሡ። ሰውዬው በሩ ላይ ዞር ብለው "የኛን ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ዙር" አሉ። እንዲህ ነው ያሉት። እናቴ "ምን ማለታቸው ነው?" አለችኝ። አባቴ ግን ገብቶታል፤ "ይምጡ፣ ይምጡ" አለ።

የሚቀጥለው ዙር ከወር በላይ ቆየ። ማንም አልመጣም። አስተማሪው በሱቁ ሲያልፍ አቀርቅሮ ያልፍ ነበር፤ በሽማግሌ ላይ ያለ ጉዳይ ነውና እኔን ማናገር ነውር ነው። አንድ ቀን ግን አባቴ ጨርቅ ሊገዛ ደሴ ሄዶ ሳለ ገባ። በእጁ ደብዳቤ ይዟል። ከአውራጃው ሰፋሪዎች ወደ ምዕራብ ተወስደው ነበር፤ ለልጆቻቸው አስተማሪ ተፈልጎ እርሱም ተመድቧል።

"መቼ?" አልኩት።

"የሚመጣው ማክሰኞ።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"እሑድ እንሄዳለን ብለውኛል። ኒካው ሰኞ ቢታሰር አብረን እንሄዳለን። አለዚያ ብቻዬን ነኝ። መቅረት አይቻልም፤ መቅረትን ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። በዚያ ጊዜ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እሑድ ጨዋታ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሁለት እሑድ በሬዲዮ ሲያልቅ አይቻለሁ፤ ሦስተኛው ግን የመጨረሻዬ ነው። ስለዚህ ጠዋት ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፣ እኩለ ቀን ላይ ሰበሰብኳቸው፤ ሬዲዮው ውስጥ ግን አልመለስኳቸውም። የቁልፍ ቆርቆሮዬ ውስጥ ጨመርኩና በላዩ ቁልፍ ሞላሁበት። ሬዲዮው ዝም ካለ ወሬው ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ነው። የሚያስብ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያስበው።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። አባቴ ሬዲዮውን ከፈተ። ድምፅ የለም። መታው። ጠራኝ።

"ድንጋዩስ?"

"ደክሞ ነበር፤ ጣልኩት" አልኩ።

"በዛሬው ቀን?"

ወደ ጓዳ ተመለስኩ። የሬዲዮው ዝምታ ጥሩ ዝምታ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ዋናውን ጎሸም ሲያደርግ አየሁ። ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"የቀበሌው አዳራሽ ሬዲዮ አለ" አሉ።

"አዳራሽ?" አለ አባቴ። "የገባ ሰው ለስብሰባ በር ይዘጋበታል እኮ።"

"ልክ ሲያልቅ ውልቅ ማለት ነው። ዛሬ ካልሰማሁ ወላሂ እታመማለሁ።"

አራቱም ተነሥተው ወጡ። አባቴ ጫማውን በደንብ እንኳ አላሰረም። እናቴ እጄን ለቀቀችና የተጠጣበትን ብርጭቆ ሰበሰበች።

ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሰማሁት ጨዋታው እንዳለቀ አዳራሹ በር ላይ ጥበቃ መቆሙን ነው። ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ችግኝ ተከላ ተናገሩ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ተናገረ፣ ከዚያ መፈክር ተባለ። በሚቀጥለው ቀን ሰኞ የቀበሌው ነዋሪ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወደ ተራራው እንዲወጣ ታዘዘ። ስም ተመዘገበ፤ ቀሪ አይፈቀድም። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ወደየቤታቸው ሄዱ። አባቴ ሲመለስ እራቱን በልቶ ተኛ።

ሰኞ ሁላችንም ጉድጓድ ስንቆፍር ዋልን። ሰውዬው ከእኔ በላይ፣ አሥር እርምጃ ራቅ ብለው ይቆፍሩ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። "እናንተ ቤት ድንጋይ ተገኘ?" አሉኝ። አልተገኘም አልኳቸው።

አስተማሪው ማክሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ሄደ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። አውቶቡሱ በበራችን ሲያልፍ መርፌ ክር እያስገባሁ ነበር፤ አስገባሁትና ሥራዬን ቀጠልኩ። አርብ ዕለት እናቴ ቁልፍ ፈልጋ ቆርቆሮውን ከፈተች። ስድስቱን ድንጋይ አውጥታ ሬዲዮው ውስጥ አስገባቻቸው፣ ክዳኑን ዘጋች። ለአባቴ አልነገረችውም መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ደብዳቤ ከምዕራብ መጣ። ሽማግሌ በደብዳቤ አይላክም አለ አባቴ፤ ሽማግሌ በሬዲዮ ሲመጣ ግን ምንም አላለም ነበር። በዓመቱ ለአንድ የደሴ እህል ነጋዴ ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ። በጠዋት መጡ፣ ቆመው ተናገሩ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ከነጋዴው አራት ልጅ ወለድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። ስለ አስተማሪው በሕይወት አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ደርግ ከወደቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቆዳ ነጋዴው ሞቱ፤ ከደሴ ለለቅሶ ሄድኩ። አባቴ ከእሳቸው በፊት ሞቷል። ሚስታቸው ከጎኗ አስቀመጠችኝና የደጉን ዘመን ታወራልኝ ጀመር።

"ኳስ ሲወዱ እኮ ለጉድ ነው" አለች። "አንቺ ቤት በሽምግልና የሄዱ ጊዜ ታስታውሺያለሽ? ጨዋታው መቼ መቼ እንደሆነ ግድግዳ ላይ ጽፈው ይዘው ነበር። ቀኑን የቆረጡት እሱን እያዩ ነው። 'ደህና ሬዲዮ ያለው እነሱ ቤት ነው፤ ነገሩ ቶሎ ካለቀ በምን ሰበብ እገባለሁ?' ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው ቀን አባትሽ እሺ ሊል ተቃርቦ አዛን ገላገለኝ ብለው ስቀዋል። አይ እሳቸው።"

ሴቶቹ ፈገግ አሉ። እኔን ያዩኛል፤ አብሬ ፈገግ እንድል ነው።

"አላህ ይማራቸው" አልኩና ሻዬን ጠጣሁ።

"ያን ዕለት ድንጋዩ ባያልቅ ኖሮስ?" አለች ደግሞ። "አዳራሽ ባልሄዱ፣ ለስብሰባም በር ባልተዘጋባቸው፣ ጨዋታው ሲያልቅ እናንተው ቤት ይጨርሱት ነበር። እንዲያውም ከቤት ሲወጡ 'ዛሬስ አልቀልድም፤ ልጁ ማክሰኞ መንገደኛ ነው፣ ጨዋታው እንዳለቀ ነገሩን አስራለሁ' ብለውኝ ነበር። ድንጋይ ነው ያበላሸው።"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ሌላ ይቀዳልሽ አለችኝ፤ ይቀዳልኝ አልኩ። ስለ ቁልፍ ቆርቆሮው አልነገርኳትም።