የቢራቢሮዎቹ ወረቀት

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። አምቦ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። አሲድ አያስፈራኝም፤ ጠርሙስ ውስጥ የተዘፈዘፈ እባብም አያስፈራኝም። ፍተሻ ሲባል ግን የምሠራውን አላውቅም።

አብሮኝ የሚሠራው የባዮሎጂ መምህር እንደ ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ «እትዬ» ነው የሚለኝ። በየክረምቱ ለሁለተኛ ዲግሪው ይማራል። የመመረቂያ ጽሑፉ ነብርማ ብለን በምንጠራቸው ቢራቢሮዎች ላይ ነበር፤ ክንፋቸው ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ካቺሲ አካባቢ ከሸለቆው ውስጥና ከላይ ከደጋው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰበሰበ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ የቆላዎቹና የደጋዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ሁለት? «ክንፋቸውን ከሥር በኩል እዪው እንጂ እትዬ!» እያለ ያደርቀኛል። ለእኔማ ሁሉም ያው ናቸው።

ቢራቢሮዎቹን የሰካበት ሳጥን ካቺሲ አክስቱ ቤት እንዳለ መንገዱ ሰላም አጣ። ወጣት ወንድ ከሚኒባስ እየወረደ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። ጽሑፉን የሚያቀርብበት ቀን ደረሰ፤ እሱ ደግሞ መሄድ አልቻለም። ስፈራለት፣ ሳዝንለት ሰነበትኩና «እኔን አሮጊቷን ማን ይነካኛል?» ብዬ ተነሣሁ። አይ ጀግንነት!

ስመለስ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ቢራቢሮ በመርፌ ተሰክቷል፤ ከሥሩ እዚያው መርፌ ላይ ጥፍር የምታህል ወረቀት አለች። የተያዘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ከዚያ ረጅም የጂፒኤስ ቁጥር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በመስታወት ክዳኑ አየችና «ኩን ማሊ?» ብላ ምንነቱን ጠየቀችኝ። ምን እንደሆነ አስረዳኋት። ቁጥሮቹ የቦታ ናቸው ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። «የቦታ ቁጥር ይዘሽ በዚህ መንገድ? ኧረ በማርያም! የማን ሰላይ ነሽ ቢሉሽ ምን ልትይ ነው?»

ጊንጪ ልንገባ ስንል ሾፌሩ «ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ አውጡ» አለ። ከዚያ በኋላ እጄ የእኔ አልነበረም። ክዳኑን ከፍቼ ወረቀቶቹን እየቦጨቅሁ በመስኮት በተንኳቸው። አንዲት አላስቀረሁም።

ወታደሩ ልጅ እግር ነበር። ሳጥኑን ከፈተ፤ ጓደኛውን ጠራ፤ ሁለቱም አጎንብሰው አዩ። «ሲያምሩ! ቀስ ብለሽ ያዢ ማዘር፣ እንዳይሰበሩ» አለኝና መልሶ ዘጋልኝ።

አምቦ መናኸሪያ መምህሩ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ሳጥኑን ከፍቶ አየና «ወረቀቶቹስ እትዬ?» አለኝ። ነገርኩት። እሱ አልጮኸም፤ የጮህኩት እኔ ነኝ። «ምን አለበት! በክንፋቸው ለያቸውና እንደገና ጻፍ!»

«በክንፉ ለይቼ ይሄ የቆላ ነው ብዬ ከጻፍኩ፣ መልሱን እኔው ፈጠርኩት ማለት ነው» አለኝ። «ከየት እንደመጡ ካላወቅሁ ምንም አልያዝኩም።»

በማግስቱ ሥራ አልገባም። ለካስ ጊንጪ ሄዶ ኖሯል። መንገድ ዳር እያጎነበሰ ወረቀት ሲለቅም ያዙት። ምን እየፈለግህ ነው ሲሉት እውነቱን ነገራቸው፤ የቢራቢሮ ወረቀት! ማን ይመነው? አራት ቀን አቆይተው ለቀቁት። እንዴት እንዳቆዩት ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። እኔ የሄድኩት እሱን ከዚያ መንገድ ላድነው ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ራሴው ላክሁት።

ኪሱ ውስጥ ሦስት ወረቀት ተርፎለታል። ላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ጽሑፉ ደህና ይነበባል፤ ሁለቱ የሸለቆ፣ አንዱ የደጋ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ሳጥኑ አየ፤ እኔም አየሁ። ከእነዚያ ሁሉ ቢራቢሮዎች ሦስቱ ወረቀቶች የየትኞቹ እንደሆኑ የሚነግረን ሰው አልነበረም።